በሐምራዊ እስክሪብቶ የታረመው ገጽ

ማርኒ ከመስከረም እስከ ግንቦት አንዲት ቁም ነገር አልጻፈችም ቢባል ማጋነን አይደለም። ስሟን ትጽፋለች፣ ቀኑን ትጽፋለች፣ ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ በመስኮት ወደ ወደቡ ማየት ነው። በዚህች የእንግሊዝ ወደብ ከተማ፣ በግሪምስቢ፣ ሌሎቹ ልጆች ሲከፋቸው ወንበር ይገፋሉ፣ በር ይደበድባሉ፤ ይቺ ግን ዝም። እናቷ የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፤ በነሐሴ በካንሰር ሞተች። ልጅቷ ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

አስተማሪዋ ቤቨርሊ አክሮይድ በዚህ ሥራ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ከርማለች። የትምህርት ሚኒስትር ሲሾም አይታለች፣ ሲሻር አይታለች፤ እያንዳንዱ ሲመጣ የፊተኛውን መጽሐፍ መጋዘን አስጥሎ አዲስ ቅጽ ያስሞላታል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም የተባለው ለእንግሊዝ አስተማሪ ይመስላል። እሷም ታጉረመርማለች፣ ሻይዋን ትጠጣለች፣ ቅጹን ትሞላለች። ምን ታድርግ!

የግንቦቱ ፈተና ባለቀ ሳምንት፣ ማርኒ ድንገት ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ መጻፍ ጀመረች። የምሳ ደወል ተደወለ፤ አልሰማችም። ቤቨርሊ ሌሎቹን ልጆች በጣቷ ዝም አሰኝታ በጓሮ በር አስወጣቻቸው።

አንድ ገጽ ሙሉ ነበር። እናቷ ሆስፒታል ተኝታ ቺፕስ አማረኝ አለቻት፤ ኮምጣጤ የበዛበት። ማርኒ ገዝታ ኮቷ ውስጥ ደብቃ አስገባች፤ ነርሷ ሽታው አፍንጫዋን እየመታት ያላየች መስላ አለፈች። እናት ግን መብላት አልቻለችም። አንዱን አንስታ ጨዉን ላሰች፣ መልሳ አስቀመጠች፣ ከዚያ ልጇን ጠጋ በይ አለቻትና በጆሮዋ አንድ ነገር ነገረቻት። እሱንም ማርኒ ቃል በቃል ጽፋዋለች።

ቤቨርሊ የደብተር ማስቀመጫው ክፍል ገብታ በሩን ዘግታ አለቀሰች።

«ሚስ፣ ጥሩ ነው?» አለቻት ማርኒ፣ ቤቨርሊ ከክፍሉ ስትወጣ።

«ጥሩ ብቻ? አንቺ ልጅ፣ አንጀቴን እኮ በላሽው!»

ማርኒ ፈገግ አለች። በዓመቱ የመጀመሪያው ነበር።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። የስድስተኛ ክፍል ጽሑፍ በፈተና አይለካም፤ አስተማሪዋ የዓመቱን ሥራ ሰብስባ ከመንግሥት ዝርዝር ጋር እያስተያየች ልጁ የሚጠበቀው ደረጃ ላይ ደርሷል ወይም አልደረሰም ትላለች። ዝርዝሩ ስለ ነጠላ ሰረዝ ይጠይቃል፣ ስለ አንቀጽ ማያያዣ ይጠይቃል፣ ፊደሉ እርስ በርሱ ተያይዞ ተጽፏል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጨው ስለላሰች እናት አይጠይቅም። የማርኒ ገጽ ደግሞ ነጠላ ሰረዝ የሚባል አልነበረበትም።

ቤቨርሊ ገጹ እንዲያልፍ ፈለገች። አጥብቃ ፈለገች። ስለዚህ አረንጓዴ እስክሪብቶዋን አንስታ ከየስህተቱ ሥር አሰመረች፣ ኅዳጉ ላይም «እዚህ ምን ጎደለ?» እያለች ጻፈች። ማርኒ በትምህርት ቤቱ ደንብ መሠረት በሐምራዊ እስክሪብቶ አንድ በአንድ አረመችው። ደንቡን ያወጣው ርዕሰ መምህሩ ዳረን ነው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ሐምራዊ እስክሪብቶ ሲያድል በዓል አስመስሎት ነበር።

በሰኔ ከከተማው ምክር ቤት አንዲት መርማሪ መጣች፣ የአስተማሪዎቹን ፍርድ ልታመሳክር። ለስላሳ ሴት ናት። የማርኒን ገጽ አንብባ መነጽሯን አወለቀች።

«እንዴት ያለ ጽሑፍ ነው!» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ግን ልቀበለው አልችልም።»

«ምን ሆነ ብለሽ?»

«የልጅቷ ብቻ ሥራ አይደለማ። አንቺ የጠቆምሽበት ቦታ ሁሉ ሐምራዊ አለ።»

«አርሙ የተባልነው እኮ እንዲሁ ነው!»

«ለማስተማር ጥሩ ነው፣ እሰየው። ለምዘና ግን አይሆንም። እስከ ዓርብ ብቻዋን ሌላ ከጻፈች አየዋለሁ።»

ዓይን እኩላለሁ ብላ ዓይን አጠፋች ማለት ይሄ ነው። ያን ዕለት ሰኞ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዳረን ቤቨርሊን ቢሮው አስጠራት።

«ቤቭ፣ በናትሽ። አምና ሁለት ልጅ ባለማለፉ ነው የትምህርት ቤታችን ስም የጠፋው። ያንኑ ደግማ ትጻፈው፤ አንቺ ብቻ እጅሽን ሰብስቢ።»

«ዳረን፣ ሰው እናቱን ሁለቴ ይቀብራል?»

«አንቺ ደግሞ! ድርሰት ነው እኮ ያልኩሽ።»

እምቢ ማለት ትችል ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገለች ሴት፣ ማን ምን ያደርጋታል? ግን አላለችም፤ ለምዶባታል። ደብተሩን ይዛ ሄዳ ማርኒ አጠገብ፣ በዚያች ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ማርኒዬ፣ ያ ገጽሽ… አላለፈም። ጥፋቱ የኔ ነው እሺ? ያንቺ አይደለም። ሌላ ትጽፊልኛለሽ? ስለፈለግሽው ነገር።»

ልጅቷ የሰማችው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ደብተሯን ተቀብላ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር ቀና ብላ አየች። ረጅም ጊዜ አየችው።

ዓርብ ጠዋት ንጹሕ ወረቀት ይዛ መጣች። ፊደሉ ተያይዟል፣ ነጠላ ሰረዙ በየቦታው አለ። ባለፈው በጋ፣ ይላል፣ ከእናቴ ጋር ክሊቶርፕስ ባሕር ዳር ሄድን። እናቴ ትልቁን ቺፕስ ገዛች፤ ኮምጣጤ አርከፍክፋበት፣ አንድም ሳታስቀር በላችው። ከዚያ አይስክሬም ጨመረች። በመጨረሻም፣ አውቶቡሱ ሊያመልጠን ሲል፣ እየሳቅን ሮጥን፤ እናቴ ቀደመችኝ።

ቤቨርሊ ከዝርዝሩ ጋር አስተያየችው። አንድም የጎደለ የለም።

«ሚስ፣ ይሄኛው ያልፋል?»

«ያልፋል።»

«እዚህኛው ላይ አልሞተችም።»

«አይቻለሁ ማርኒዬ።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ስሚ፣ ያንን የፊተኛውን ገጽ አምጪልኝማ። አሳምሬ ፍሬም ውስጥ አስገባልሻለሁ። ከአባትሽ ጋር ታስቀምጡታላችሁ፣ አድገሽም ታነቢዋለሽ።»

«ጣልኩት።»

«የት?»

«የወረቀት መጣያው ውስጥ። ማክሰኞ።»

«ውይ! ለምን የኔ ልጅ?»

ማርኒ ግር ብሏት አየቻት።

«አላለፈም አሉኝ እኮ፣ ሚስ።»

ቤቨርሊ ልጆቹን ለረዳቷ ትታ ወደ ጓሮ ሮጠች። የወረቀት መጣያው ሳጥን ባዶ ነበር፤ የከተማው ቆሻሻ መኪና ረቡዕ ረቡዕ ይወስዳል። ተመልሳ ደብተር ማስቀመጫው ክፍል ገባች፣ ወረቀት አወጣች። ቢያንስ እናትየው በጆሮዋ የነገረቻትን ልጽፍላት ብላ። ከሦስት ጊዜ በላይ አንብባዋለች፤ አስለቅሷታል።

አልመጣላትም። ሰባተኛው መስመር ላይ እንደነበር ታስታውሳለች። ሁለት ነጠላ ሰረዝ ጎድሎት እንደነበር፣ በትልቁ ፊደል መጀመር የነበረበት አንድ ቃል በትንሹ መጀመሩን፣ ከሥሩ በአረንጓዴ ማስመሯን ታስታውሳለች። ስህተቱን አንድም ሳይቀር ታስታውሳለች። ቃሉን ግን አላስታወሰችም።