የወንድሜ እጅ

ይቺን የፊት ጥርሴን ያረገፋት ታላቅ ወንድሜ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ጎማ ፈንድቶብኝ» እላለሁ፤ ጎሚስታ ስለሆንኩ ያምኑኛል። ለእናንተ ግን ምን እደብቃለሁ!

ከጎማ ቤቴ ጀርባ ያረጀ ባትሪ እየሰበረ እርሳስ የሚያቀልጥ ፋብሪካ አለ። ልጄ ሆዷን እያመማት፣ ትናንት ያጠናችውን ዛሬ እየረሳች ስታስጨንቀን ሐኪም ቤት ወሰድናት። «እርሳስ ደሟ ውስጥ ገብቷል፤ ከዚያ ጭስ ካልራቀች ዕድሜ ልኳን ትጎዳለች» አሉን። ወዴት አባቴ ልሂድ? መንግሥት እንዲህ ያሉትን ፋብሪካዎች ከመኖሪያ ሰፈር የሚያስወጣ ሕግ አርቅቆ በየሰፈሩ ስብሰባ የሕዝብ ድምፅ ሊቆጥር ነው ሲባል በደስታ ዘለልኩ። ባለፋብሪካው ሕጉን ለማስቀረት ያላንኳኳው የሹም በር የለም። አልሆንልህ ሲለው ዱላ ገዛ።

ወንድሜ እዚያው እቶኑ ላይ ይሠራል። ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። ስለ ልጄ ሳነሳበት «የልጆቼን ጉሮሮ ልትዘጋ ነው?» ብሎ ፊቱን አጥቁሮ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ቤቴን አልረገጠም።

የስብሰባው ጠዋት አዳራሹ በር ላይ ተሰልፈን ሳለ ፊታቸውን በጨርቅ የሸፈኑ ሰዎች ፌሮ ይዘው ከመኪና ዱብ ዱብ አሉ።

«እጅ እጁን በለው!» አለ አለቃቸው።

ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነዋ! የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ክንዷ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ጡረተኛው አስተማሪ ወደቁ፤ ከወደቁም በኋላ ረገጧቸው። ደሜ ፈላ። ከቱታዬ ኪስ የጎማ ማውለቂያ ብረቴን መዝዤ የአንዱን ጉልበት ስለው ተዘረረ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

ሌላው መጣብኝ። በግራ ቡጢው አፌን አለኝ፤ ጥርሴን ከነደሙ ተፋሁት። በቀኙ ፌሮውን አናቴ ላይ ሊያወርድ ሲል እጁ ከአንጓው እጥፍ አለና ብረቱ አመለጠው። ጎንበስ ብሎ ሊያነሳው ቢሞክር ጣቶቹ እምቢ አሉት። እኔ ምን ቸገረኝ፣ ግራ ትከሻውን ሰበርኩለት። ሲጮህ ድምፁን አወቅኩት። ጨርቁን ገፈፍኩት።

«ጋሼ?»

«ምን ታፈጣለህ፣ ጨርሰኝ እንጂ!» እያለ ያለቅሳል። «እጄ አልቆም ካለኝ ሰነበተ። አካፋ መያዝ ሲያቅተኝ ‹ወይ ከነዚህ ጋር ውጣ፣ ወይ ቤትህ ግባ› አሉኝ።»

«አንተ ጅል! ልጄን የበላት እርሳስ እኮ አንተንም በልቶሃል!»

«አውቃለሁ» አለኝ።

የፖሊስ ጡሩምባ ሲሰማ ጓደኞቹ ጥለውት በረሩ።

«ይወስዱኛል» አለ።

«ይውሰዱህ! መጀመሪያ ግን አዳራሹ ትገባለህ» ብዬ በኮሌታው ጎተትኩት።

ፖሊስ በሩን ይዞ ቆጠራው ተጀመረ፤ አዳራሹ ደም ደም ይሸታል። የፋብሪካው ሠራተኞች «እጁን ያወጣ ነገ ሥራ አይመጣም» ተብለው ኋላ ተደርድረዋል። «ሕጉን የሚደግፍ!» ሲባል ልብስ ሰፊዋ የተሰበረ ክንዷን በሻርፗ አንገቷ ላይ አስራ ሌላውን አወጣች። ሰፈሩ ተከተላት። ሠራተኞቹ ግን እጃቸውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ጋሼን ያያሉ።

ጋሼ ግራው በእኔ ብረት አልነሳ ብሎታል። ቀኙን እያቃሰተ ወደ ላይ ሰቀለ። ክንዱ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እጁ ግን ከአንጓው ቁልቁል ተንጠለጠለ።

ቆጣሪው ግራ ገባው። «የእርስዎ ወጥቷል ወይስ አልወጣም?»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ተነስቼ የጋሼን እጅ ከሥር ደግፌ፣ መዳፉን ቀና አድርጌ ያዝኩለት።

«ወጥቷል!» አልኩ፤ ደሜ አገጬ ላይ እየወረደ።

ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር አንድ ክንድ ተነሳ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ብዙዎቹ እንደ ጋሼ እጅ ቁልቁል የተንጠለጠሉ ነበሩ። ቆጣሪው ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠየቀም።