ግማሽ ሴንቲ

አናጢው ከታላቅ ወንድሙ ጋር ከተኳረፈ አራት ዓመቱ ነው። ምክንያቱም ግማሽ ሴንቲ ናት። ወንድምየው ግንበኛ ነው፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ ስለሆነ ሰው ሁሉ በግንበኞች ባለክር ማቅኛ ስም «ቱንቢ» ይለዋል። አናጢው ለቱንቢ መኝታ ቤት ቁም ሳጥን ሠርቶ ሲያቆምለት፣ ከታች ግጥም ያለው ሳጥን ከላይ ከግድግዳው ግማሽ ሴንቲ ራቀ። «ግድግዳህ ጠማማ ነው» አለ አናጢው። «ሳጥንህ ነው እንጂ!» አለ ቱንቢ። በቃ፣ እሱው ነው! ሁለት ሽበታሞች፣ የአንድ እናት ልጆች፣ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ የሱቅ መስኮት ያያል፣ ሌላው ሰማይ ሰማዩን።

አናጢው ወንድሙ ይናፍቀዋል። አፉን ሞልቶ አይናገረው እንጂ፣ ጥሩ ቀልድ በሰማ ቁጥር «ይቺንማ ለጋሼ...» ይልና ቃሉን ይውጠዋል።

አብራው የምትሠራው ልጁ በቅርቡ በሀዲድ ላይ የሚንሸራተት መጋዝ ገዝታ ነበር። መጋዙ ሀዲዱን ተከትሎ ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል፤ ጣጣው ሀዲዱን ራሱን እንጨቱ ላይ በልኩ ማስቀመጡ ነው።

«በዓይኔ እየገመትኩ አልቆርጥም» አለች። «ሀዲዱን ከጠርዙ ጋር ዘጠና ዲግሪ የሚይዝ ማዕዘን ያስፈልገናል። መደርደሪያዎቹ እኩል ስፋት እንዲወጡ ደግሞ ሀዲዱ ላይ የሚታሰሩ ሁለት ክንዶች።»

«እኔ ሳላየው እንዳትገዢ!» አለና የማዕዘን መለኪያ ስኳድራውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ መሣሪያ ሱቁ ተከተላት። ስኳድራው የእንጨት እጀታና የብረት ምላስ አለው፤ በመጀመሪያ ደሞዙ የገዛው ነው። ሚስቱ «የመጀመሪያ ሚስትህ» ትለዋለች።

ባለሱቋ ሦስት ዓይነት ማዕዘን ደረደረችላቸው። አንዱ ቀላል፣ ፕላስቲክ የበዛበት፤ አንዱ አጭር፤ ሦስተኛው ረጅምና ድፍን ብረት። አናጢው አንዱን ይዘውት በመጡት ሀዲድ ላይ አስገጠመ፣ ስኳድራውን አስጠጋ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ።

«ጠማማ!» አለ። ሁለተኛውን ሞከረ። «ይሄም ጠማማ!» ሦስተኛውን ሞከረ። «ኤዲያ! ይሄም ያው ነው።»

«አባዬ» አለች ልጁ፣ «ሦስቱ ከሦስት ፋብሪካ የመጡ ናቸው። በአንድ ጎን፣ በአንድ ልክ የጠመሙት ተማክረው ነው?»

«የዘንድሮ ፋብሪካ ምን ይታመናል?»

ባለሱቋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጠርዙ የቀና ሰሌዳና እርሳስ አቀረበች። «አባቴ፣ ካልተቀየሙኝ የእርስዎንም እንፈትሸው?»

አፈታተሹን ልጁን ያስተማራት ራሱ ነው። በስኳድራው አንድ መስመር ታሰምራለህ፣ ስኳድራውን ገልብጠህ እዚያው ነጥብ ላይ ትደግመዋለህ፤ ልክ ከሆነ ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ያርፋሉ። የራሱን ግን ከገዛው ቀን በኋላ ነክቶት አያውቅም። ሰው የገዛ እጁን ይፈትሻል እንዴ?

አሰመረ። ገለበጠ። ደገመ። መስመሮቹ አንድ ላይ ተነሥተው ጫፋቸው ላይ ሁለት ሚሊ ተራራቁ። የዚህ ግማሹ የስኳድራው ስህተት ነው፤ ባለ አርባ ሴንቲው ስኳድራ አንድ ሚሊ ይስታል። አናጢው ሒሳቡን በሆዱ ሠራው። ሁለት ሜትር ቁመት ባለው ቁም ሳጥን ላይ ግማሽ ሴንቲ ይመጣል። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«ወድቆ ያውቃል?» አለች ልጁ በዝግታ።

ወድቋል። ጋሼ ቤት ለቁም ሳጥኑ ሲለካ ከመሰላል ላይ አምልጦት ሲሚንቶው ላይ ተከስክሷል። አንስቶ በሸሚዙ ጠረገው፣ በማግሥቱ በዚሁ አስምሮ እንጨቱን ቆረጠ።

«እና ‹የከተማው ግንበኛ ሁሉ ግድግዳው ጠማማ ነው› ማለት የጀመርከው ከአራት ዓመት ወዲህ ነው...»

«አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ!» አለና ሳቅ አመለጠው። ባለሱቋም የያዘችውን ሳቅ ለቀቀችው። አናጢው አፍሮም ነበር፣ ቀሎትም ነበር።

ከዚያ በኋላ መምረጡ አልከበደም። ረጅሙን ማዕዘን ወሰዱ፤ ጠርዙን ብዙ ቦታ ላይ ስለሚነካ ቢነቀንቁትም ንቅንቅ አይልም። ከክንዶቹ ደግሞ ቁጥር የተቀረጸባቸውን፣ ማቆሚያቸው በብሎን የሚጠብቀውን መረጡ። «ሁለቱን አንድ ቁጥር ላይ ካሰራችኋቸው፣ እንጨቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይወጣል» አለች ባለሱቋ።

መጋዙ መኪናቸው ላይ ነበር፤ ሀዲዱንም መልሰው ጫኑት። «ወደ ሥራ ቤት?» አለች ልጁ።

«ወደ ጋሼ» አላት።

በሩን የከፈተው ራሱ ቱንቢ ነው። ወንድሙንና መጋዙን ተራ በተራ አየ። «ግድግዳዬን ልትቆርጠው መጣህ?»

«ሳጥኔን ላቃና ነው፣ ጋሼ። ግድግዳህ ደህና ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ቱንቢ ከበሩ ዞር አለለት። አናጢው መኝታ ቤት ገብቶ ጣቱን ወደ ክፍተቱ ሰደደ። ክፍተት የለም! ሳጥኑ ከታች እስከ ላይ ከግድግዳው ጋር ልጥፍ ብሏል። ግራ ገብቶት በሩ ጀርባ የተንጠለጠለውን የወንድሙን ቱንቢ አወረደና ክሩን ከግድግዳው አናት ለቀቀው። ክሩ ከታች ከግድግዳው ግማሽ ሴንቲ ራቀ።

«ጋሼ፣ ግድግዳህ ጠማማ ነው እኮ!»

ቱንቢ አንገቱን አከከ። «የተጣላን ለታ ማግሥት ልስን ጨመርኩበት። ከላይ ወፈር፣ ወደ ታች ሳሳ አድርጌ ከሳጥንህ ጋር አስማማሁት።»

«ቀጥ ያለ ግድግዳህን? በገዛ እጅህ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ቤቴ የገባ ሁሉ ‹ወንድምህ የሠራልህ ጠማማ ሳጥን ይሄ ነው?› ይበለኝ?»

አናጢው እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። ቱንቢ «በል ተው፣ ልጅህ ፊት» እያለ የራሱን ዓይን በእጅጌው ጠረገ።

ከዚያ መዶሻና መሮ አምጥቶ የጨመረውን ልስን መፈርፈር ጀመረ። አናጢውና ልጁ የሳጥኑን ጎን ነቅለው ግቢ አወጡት፣ አዲሱን ማዕዘን አስረው ሀዲዱን አስቀመጡበት። መጋዙ ሲጮኽ፣ መዶሻው ሲደልቅ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች በመስኮቱ በኩል እየተጯጯሁ የአራት ዓመቱን ወሬ ያወሩ ነበር፤ አንዱ የሌላውን አንድም ቃል አልሰማም።