ለ«የወደቡ ሙሽራ» አዲስ ሽፋን

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ወዲህ ቢሮ በቢሮ ላይ ይከፈት ነበር። ለየቢሮው ደግሞ ሰሌዳ ያስፈልጋል፤ ሰሌዳ የሚጽፍ ሰው ሲፈለግ ሁሉም የሚልከው ወደ ኮከብ ነው። ኮከብ የደሴ ልጅ ናት። ሥዕል ተምራ፣ የሥዕል መምህርት ሆና ተመድባ ስትመጣ ሙቀቱን ከአንድ ዓመት በላይ እንደማትችለው ለእናቷ ነግራቸው ነበር። ሳታስበው ከረመች። «የግብርና ቢሮ»፣ «የጤና ቢሮ» እያለች በነጭ ቀለም ስትጽፍ ውላ ስትገባ ግን፣ ለዚህ ነው ወይ የተማርኩት የሚል ሐሳብ ይመጣባታል።

አንድ ቀን አብሯት የተማረው አዶኒያስ ከአዲስ አበባ ደወለላት። የሚሠራበት አሳታሚ ድርጅት በንጉሡ ዘመን የተወደዱ ልብ ወለዶችን አዲስ ሽፋን እያለበሰ ሊያሳትም ነው። ከመካከላቸው «የወደቡ ሙሽራ» የሚባለው ታሪኩ እዚያው ጋምቤላ ነው የሚፈጸመው፤ እሷ እያለች ለሌላ ሠዓሊ መስጠት ነውር እንደሚሆንበት ነገራት። ኮከብ እሺ ያለችው እሱ ሳይጨርስ ነው።

አሮጌው መጽሐፍ በአውሮፕላን መጣላት። ሽፋኑን ስታየው ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ሰማያዊ ተራሮች፣ ጥዶች፣ ሸራውን የወጠረ የባሕር መርከብ፣ ከፊት ደግሞ ነጠላ አጣፍታ የምታለቅስ ሴት። እየሳቀች ወጥታ ለጎረቤቷ ለኛኮንግ አሳየቻት። ኛኮንግ በትምህርት ቢሮ ታይፒስት ናት፤ ቁመቷ ረጅም፣ ሳቋ ቅርብ። መጽሐፉን አገላብጣ አየችው።

«ይሄ የት አገር ነው?»

«እዚሁ። ባሮ ነው።»

«የእኛ ባሮ?» አለችና እንደገና አየችው። «ሥዕሉን የሠራው ሰውዬ መንገድ ጠፍቶበታል።»

ኮከብ ያን ጊዜውኑ ወሰነች። የታሪኩ ጀግና የወደብ ተሸካሚ ልጅ የሆነች አጁሉ የምትባል ወጣት ናት፤ የሽፋኑ ፊት የኛኮንግ ቢሆንስ? ስትጠይቃት ኛኮንግ ደስ አላት፤ ግን ሴትየዋ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች ሳታውቅ ፊቷን እንደማትሰጥ ተናገረች። ስለዚህ ተስማሙ። ከሥራ መልስ፣ ፀሐይ ሲበርድ፣ ኛኮንግ በግቢው ማንጎ ሥር በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ ኮከብ ትነድፋለች፤ ክንዷ ሲደክማት እርሳሷን አስቀምጣ መጽሐፉን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብላታለች።

መጀመሪያ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ቀጥሎ የግቢው ሴቶች መጡ። ከዚያ ከሆስፒታል ድሬሰሩ ጌዴዎን፣ ከገበያ ባለ ጨርቅ ሱቁ ጋሽ ሱሌማን ሱቃቸውን ለባለቤታቸው ለራሂማ ትተው መምጣት ጀመሩ። አማርኛ ለማይሰሙት ኛኮንግ ታስተረጉማለች። ኮከብ አንድ አረፍተ ነገር ስታነብ የኛኮንግ ትርጉም ረዘም ይላል፤ መጽሐፉ ውስጥ ምንም የሚያስቅ ነገር በሌለበትም ሴቶቹ ይንከተከታሉ። ኮከብ እየጠረጠረች ማንበቧን ቀጠለች።

ታሪኩ ሰውን ይይዛል። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ከሱዳን የሚመጣው የእንፋሎት መርከብ ላይ አንድ ጸሐፊ አለ፤ አጁሉን ያያታል፣ ይወዳታል፣ ይዟት ሊሄድ ቃል ይገባላታል። አባቷ አይሆንም ይላል። አንድ ንጋት መርከቡ ሊነሳ ጡሩምባውን ሲነፋ አጁሉ ጓዟን በራሷ ላይ አድርጋ እየሮጠች ትሳፈራለች። ኮከብ ገጹን ገለበጠች። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። የመጨረሻውን ምዕራፍ ምስጥ በልቶታል።

ግቢው በሙሉ አጉረመረመ።

ሥዕሉ ግን ያን ጊዜ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ኮከብ ሙቀቱ ቀለሙን በብሩሹ ጫፍ ላይ ሳያደርቅባት በማለዳ እየተነሳች፣ ላቧ ወረቀቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ከክንዷ ሥር ፎጣ እያነጠፈች ወንዙን፣ መርከቡን፣ የሴትየዋን አቋም ጨርሳለች። የቀረው ፊቷ ነው። ትሳቅ ወይስ ታልቅስ? ወዴት ትመልከት? ኛኮንግም ጸናች።

«መጨረሻዋን ሳላውቅ አይሆንም። ሞታ ከሆነ እናቴ ፊቴን እዚያ ላይ ስታይ ምን ትላለች?»

ጋሽ ሱሌማን ልባቸው ሞልቶ መሰከሩ። በወጣትነታቸው ጎሬ ሳሉ መጽሐፉን እንዳነበቡት፣ አጁሉ ከመርከቡ ዘልላ ውሃ ውስጥ እንደገባች፣ እሳቸውም ለዚያች ልጅ እንዳለቀሱ ተናገሩ። ጌዴዎን ደግሞ አጎቱ ሲያወሩት የሰማው ሌላ ነው፤ አጁሉ ካርቱም ገብታ ትልቅ ቤት ሠርታለች። ወሬው ከግቢው ወጣ። ገበያው ለሁለት ተከፈለ፤ ጋሽ ሱሌማን ጨርቅ ሊገዛ የመጣን ሰው ሜትሩን ከማንሳታቸው በፊት ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይጠይቁት ጀመር።

ኮከብ ቴሌ ሄዳ ወደ አዲስ አበባ ደወለች። ኛኮንግ፣ ጋሽ ሱሌማንና ጌዴዎንም ተከተሏት። የአጁሉ መጨረሻ ምን እንደሆነ አዶኒያስን ጠየቀችው።

«እውነቱን ልንገርሽ? እኔ አላነበብኩትም» አላት።

ኮከብ ተናደደች። መጨረሻውን ለማያውቀው መጽሐፍ እንዴት ሽፋን እንደሚያሠራ ጠየቀችው። እሱም አፍሮ ሙሉውን ቅጂ ከቢሮ ወስዶ በማግስቱ እንደሚጠብቃት ቃል ገባ።

በማግስቱ ቴሌ ውስጥ ከተራ ጠባቂው ይልቅ ወሬ ጠባቂው በዛ። ኮከብ የስልኩን ክፍል በር ከፍታ አዶኒያስ የሚያነብላትን እየተቀበለች ጮክ ብላ ትደግመው ጀመር። መርከቡ ማገዶ ሊጭን ኢታንግ ላይ ቆመ። ጸሐፊው አጁሉን ጠራትና፣ ካፒቴኑ እንዳያያት ድንበር እስኪያልፉ ከዕቃው ጋር ተደብቃ እንድትቆይ ነገራት። አጁሉ ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ጨለማ ተመለከተች። «እኔ ዕቃ አይደለሁም» አለችው። ጓዟን አንስታ ወረደች፤ የባሮን ዳርቻ ይዛም ወደ አገሯ በእግሯ ተመለሰች። መንገድ ላይ ከየት እንደመጣች ለሚጠይቋት ሁሉ «መርከብ ጠብቦኝ ወረድኩ» እያለች ትመልስ ነበር።

ኮከብ ስልኩን ዘጋች። ኛኮንግ መጀመሪያ በአማርኛ ሳቀች፣ ከዚያ ለሴቶቹ በቋንቋቸው ነገረቻቸው፤ ቴሌው በሙሉ ሳቀ። ጋሽ ሱሌማን ብቻ ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ያሽከረክራሉ።

«ታዲያ እኔ ያለቀስኩት ለማን ነው?» አሉ።

ጌዴዎን፣ ቢያንስ መርከቡ ካርቱም ሳይገባ አልቀረም ብሎ ራሱን አጽናና።

በማግስቱ ኛኮንግ ሳትለመን ጫማዋን በእጇ ይዛ ወንዝ ወረደች፤ በአሸዋው ላይ ወዲያና ወዲህ እየተራመደች ኮከብ እስኪበቃት ድረስ ተሣለች። ኮከብ የሣለችው ፊት አቧራ የነካው፣ የደከመው፣ በከንፈሩ ጠርዝ ላይ ግን ሳቁን አፍኖ የያዘ ፊት ነበር። ከኋላ በሩቁ የመርከቡ ጭስ ይታያል። ስትጨርስ ቁጭ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከሰሌዳዎቹ ሁሉ አንድም ቀን እንዲህ ተቀምጣ ያየችው አልነበረም።

ሥዕሉ አዲስ አበባ ሲደርስ የአዶኒያስ አለቃ ወደደው፤ ግን አንባቢ ለቅሶ ይወዳልና በጉንጯ ላይ አንዲት ዘለላ እንባ ትጨመርበት አለ። አዶኒያስ ደውሎ ይህንን ሲነግራት እየፈራ ነበር።

«እንባ ከፈለጋችሁ የድሮውን ሽፋን መልሱ። እዚያ ላይ በብዛት አለ» አለችው።

እንባው ቀረ። መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ ማተሚያ ቤቱ ወንዙን ከሚገባው በላይ አረንጓዴ አድርጎባታል፤ ይህ ለጥቂት ቀን አበሳጫት። ፊቱ ግን እንዳለ ነበር። ኛኮንግ አንዱን ቅጂ ለእናቷ ወሰደችላቸው። እናቷ በእጃቸው ዳሰሱት፣ ራቅ አድርገው አዩት፣ ከዚያም ይህቺ ልጅ ብቻዋን ከየት ነው የምትመጣው ሲሉ ጠየቁ። ኛኮንግ አጠገባቸው ተቀምጣ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው፤ እንደ ልማዷም ሳትጨምርበት አልቀረችም። ጋሽ ሱሌማን ደግሞ መጽሐፉን በሱቃቸው ደርድረው፣ ገዢው ገና ሳይገልጠው መጨረሻውን ይነግሩታል።

ብዙ ሳይቆይ አዶኒያስ ሌላ ሥራ ላከላት። ይህኛው ልብ ወለድ ደጋ ላይ፣ ውርጭ በጣለበት ማለዳ ይጀምራል። ኮከብ ደሴን አስታውሳ ለመንደፍ ሞከረች፤ እጇ እምቢ አላት። ከማንጎው ሥር ቀና ብላ ስታይ ኛኮንግ ወፍራም ብርድ ልብስ እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ በርጩማው ላይ ተሰይማለች፤ ላብ ከግንባሯ ይወርዳል።

«ቶሎ ሣይ» አለቻት። «ብርዱ ሊገድለኝ ነው።»