የሙዳዩ ሚስማር

ነገሩን የጀመረችው የሞተች አይጥ ናት። በሃምሳ ስድስት ዓ.ም. ክረምት፣ ዝናቡ ሦስት ሳምንት አላባራ ብሎ የአፈር ጣሪያዬ እንደ ወንፊት ሲያንጠባጥብ፣ አንድ ሽታ ቤቴን ወረሰው። የሐረር ቤት ግድግዳ እንደሁ ይታወቃል፤ ከመደቡ እስከ ጣሪያው ሳህን፣ ትሪ፣ ሰፌድና አገልግል ተደርድሮበት ቀለሙ አይታይም። እዚህ አገር ሴት የምትለካው በግድግዳዋ ነው። እኔ ዐብላ ደግሞ አማቴም ባሌ ባሕሩዲንም ሞተው፣ ልጆቼ ድሬዳዋ ገብተው፣ አቦከር ሰፈር ብቻዬን ከሁለት መቶ ምናምን ዕቃ ጋር ነበር የምኖረው።

አይጧን ፍለጋ ሁሉንም አወረድኩት። የሰፌዶቹ ጀርባ አረንጓዴ ሻጋታ አብቅሏል፤ ጎድጓዳ ሳህኖቹ ውስጥ የጣሪያ ጭቃ ረግቷል፤ በረሮው እግሬ ሥር ይራወጣል። አይጧ የተገኘችው በሠርጌ ቀን የተሰጠኝ ትልቁ አገልግል ውስጥ ነው፣ ከነልጆቿ። ደጅ ወጥቼ አስመለስኩ። ሃያ ምናምን ዓመት ከዚህ ሥር ተኝቻለሁ፤ ከዚህ አውርጄ እንግዳ አብልቻለሁ። በቂያማ ቀን ሰው ስላለው ነገር ሁሉ ይጠየቃል ይላሉ፤ ለዚህ ሻጋታ መልስ ስሰጥ ታየኝና ባሰብኝ። አንድ ሳህን፣ አንድ ኩባያ፣ አንድ ድስት፣ አንድ ምንጣፍ ይበቃኛል፤ የቀረው ይውጣልኝ አልኩ። ሒሳቤ ቀሎ፣ ንጹሕ ግድግዳ እያየሁ መሞት ነበር የፈለግኩት።

ያላወረድኩት አንድ ባዶ ሚስማር ብቻ ነው። እናቴ በእጇ የሰፋችልኝ ሙዳይ ነበር የሚንጠለጠልበት። ጣሊያን በወጣ ዓመት፣ የባሌ እህት ነሲማ በተዳረች ሰሞን ጠፋ። የወሰደችው ሳፊያ ናት፣ ከገጠር መጥታ እኛ ቤት ትሠራ የነበረች ልጅ። አፎቻው፣ ማለትም ለለቅሶና ለሠርግ የሚሰበሰበው የሰፈር ማኅበራችን፣ ቤቴ ተቀምጦ ሳለ ሌባ ብዬ፣ መትቼ፣ በዝናብ አባረርኳት። ከዚያ ወዲህ በሚስማሩ ላይ ምንም አልሰቀልኩም፤ ለጠየቀኝ ሁሉ የሌባዋን ታሪክ አወራ ነበር። እሷ ኤረር በር ሽንኩርት ትሸጥ ነበር። ሳያት ፊቴን አዞር ነበር።

ዕቃውን እያጠብኩ ማደል ጀመርኩ። ለጎረቤት ትሪ፣ ለድሃ ድስት፣ ለመስጊድ ምንጣፍ። ወሬ ክንፍ አለው፤ ዐብላ ሞቷ ታይቷት እየተናዘዘች ነው ተባለ። የአፎቻው ሴቶች በዚያ ዝናብ አንድ በአንድ እየመጡ፣ ‹‹ዐፉ በይኝ›› እያሉ ይቅርታ ይለምኑኝ ጀመር። አንዷ በሐሜት፣ አንዷ በእርግማን፣ አብዛኞቹ ተውሰው ባልመለሱት ዕቃ። ዕቃውንም ይዘው ነው የሚመጡት። እጀታው የወለቀ ጀበና፣ የኔ ይሁን የማን የማላውቀው ዝገታም ትሪ። ደህና ነኝ፣ አልታመምኩም ብላቸው፣ ሟች እንዲህ ነው የሚለው ብለው ያለቅሱልኛል። ላራግፍ ብነሣ፣ በሳምንቱ ቤቴ ከድሮው ብሶ ሞላ።

መጨረሻ ላይ ነሲማ መጣች። በነጠላ የጠቀለለችውን ፈታችው። የእናቴ ሙዳይ ነው።

ለሠርጓ አንድ ቀን ግድግዳዋ ላይ ልታሳየው ወስዳው እንደነበር፣ ሳፊያን ስመታት አይታ እንደፈራች፣ ከዚያ ወዲህ ሳጥን ውስጥ ደብቃው እንደኖረች ነገረችኝ። ክዳኑን ከፈትኩት። እምክ እምክ አለኝ። ስፌቱ ሻግቶ በጣቴ ሥር ይፈረፈራል። ያቅለሸለሸኝ ግን ሙዳዩ አይደለም። ያ የመታሁበት እጄ ነው፤ ያን ታሪክ ሃያ ሦስት ዓመት እያጣጣመ ያወራው አፌ ነው። ሁለት መቶ ዕቃ አውጥቼ የሰው ሐቅ ቤቴ ተቀምጧል።

በማግሥቱ ሙዳዩን ይዤ ኤረር በር ወረድኩ። ሳፊያ ጆንያ ተከናንባ ሽንኩርቷን ከጭቃ ትለያለች። ሙዳዩን ዘረጋሁላት፤ ዐፉ በይኝ፣ ሙዳዩም ያንቺ ይሁን አልኳት። አየችው እንጂ አልነካችውም።

‹‹ለዚህ ማስቀመጫ የለኝም›› አለች። ‹‹ሌባ ያሉኝ አፎቻው ፊት ነው። እዚያው ይንገሩልኝ።››

ሐሙስ አፎቻው ሊጠይቀኝ ቤቴ ተሰበሰበ። ልኬባት ሳፊያም መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ግቢ ብላት አልገባችም። ተነሥቼ ሙዳዩን አሳየኋቸው። ይህች ልጅ አልሰረቀችም፣ ሳላጣራ የመታኋት እኔ ነኝ፣ ሙዳዩ የነበረው ነሲማ ዘንድ ነው አልኩ።

ሁሉም ወደ ነሲማ ዞሩ። ነሲማ ተነሥታ አጠገቤ መጣች፤ በነጠላዋ ጫፍ ግንባሬን ጠረገችልኝ።

‹‹ትኩሳት አላት›› አለቻቸው።

ዐፉ በይኝ ያለችኝ አላህን ፈርታ እንጂ ጎረቤት እንዲሰማ አልነበረም። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ምን ያለች ደግ ናት፣ በሞት አፋፍ ሆና የሌባዋን ወንጀል ትሸፍናለች አሉ። ወላሂ ብዬ ማልኩ፤ ጮህኩ። በጮህኩ ቁጥር በግድ ሊያስተኙኝ ይጎትቱኛል። ነሲማ እጄን ይዛ ታሻለች። እጇ ቀፈፈኝ።

ሳፊያ ከበሩ ሆና ሁሉንም አየች። ጆንያዋን ተከናነበች።

‹‹እኔም ያን ቀን እውነቴን ነበር›› አለችኝ። ‹‹እንዲህ ነው፣ ሲናገሩ የሚያምን ሲጠፋ።››

ወጥታ ሄደች። ዐፉ ብያለሁ አላለችም፤ አላልኩምም አላለችም።

ዕቃውን በሙሉ፣ ያመጡትንም የነበረውንም፣ በአህያ አስጭኜ ጊደር መጋላ ገበያ ላክሁና ለፈለገ ሁሉ አስበተንኩት። አሁን ግድግዳዬ ባዶ ነው። በዚያ ሚስማር ላይ ግን ሙዳዩን ሰቅዬዋለሁ። ይሸታል። የመጣ እንግዳ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ምንድነው ይላል፤ እኔም ከመጀመሪያው እነግረዋለሁ። ነሲማ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ሁልጊዜ ከሥሩ ነው የማስቀምጣት። አፎቻው ሞቴን ይጠብቃል፤ እሷ ሳትናገር ግን አልሞትም።