ከብረቱ ሥር

ካዝናው ዓይኑን በጨው ታጥቦ ሱቃችን ብቅ ያለው፣ ድርጅቱን በዘጋ በሳምንቱ ነው።

ካዝናው የምንለው የእናቴን ወንድም ልጅ ነው። የክሪፕቶ መገበያያውን የከፈተ ሰሞን በየዘመዱ ቤት እየዞረ፣ "ቢትኮይናችሁን በየስልካችሁ ይዛችሁ ምን ልታደርጉት ነው? ስልክ ይጠፋል፤ የይለፍ ቃል ይረሳል። እኔ ጋ አስቀምጡት፣ ካዝናችሁ እኔ ነኝ" ይል ነበር። ስሙም በዚያው ቀረ። እናቴ ለአባቴ የዓይን ሕክምና ባጠራቀመችው ገንዘብ ቢትኮይን ገዛችና እሱ ዘንድ አስቀመጠችው።

"እማዬ፣ ቁልፉ በማን እጅ ነው?" ብዬ ጠይቄያት ነበር።

"በወንድሜ ልጅ እጅ ነዋ! ያን ሁሉ ዓመት ባሕር ማዶ ያስተማሩሽ ሰው መጠርጠር ነው?"

ከተመለስኩ ጀምሮ ሁሉን ነገር እጠራጠር ስለነበር፣ የትኛው ጥርጣሬ ከዕውቀት፣ የትኛው ከእንግድነት እንደሚመጣ ራሴም አልለየሁትም።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት የስልካችን መተግበሪያ "ገንዘብ ማውጣት ለጊዜው ተቋርጧል" አለን። ጊዜው አላልቅ አለ። ካዝናው ሀከሮች ዘረፉኝ ብሎ አለቀሰ። ፍርድ ቤት የድርጅቱን ንብረት ሰብስባ ለባለገንዘቦቹ የምታከፋፍል አጣሪ ሾመ። የአባቴ ሐኪም ደግሞ ቀኝ ዓይኑ እንዳለቀለት፣ ግራው ግን በቶሎ ከተሠራ እንደሚተርፍ ነገረን።

አባቴ የስም ሰሌዳና ዋንጫ ላይ ፊደል ይቀርጻል። ጫፋቸው ላይ አንድ አንድ የአማርኛ ወይም የእንግሊዝኛ ፊደል ያለባቸው አጫጭር ብረቶች አሉት፤ በመዶሻ ሲመታቸው ፊደሉ ሰሌዳው ላይ ይቀራል። ብረቶቹ እያንዳንዳቸው የእንጨት ትሪው ላይ የራሳቸው ቀዳዳ ስላላቸው፣ ዓይኑ ሲደክም በጣቱ እየዳሰሰ መሥራት ቀጠለ። እኔ ሰሌዳ እቆርጥለታለሁ፣ አጸዳለታለሁ፣ ደንበኛ አነጋግርለታለሁ።

"ጋሼ፣ እንዴት ነህ?" አለ ካዝናው፤ የሱቁን በር ከኋላው ገርበብ አድርጎ። ከጃኬቱ ኪስ የማይዝግ ስስ ብረት አወጣ። "ሃያ አራት ቃላት እንድትመታልኝ ነው። ወረቀት ይቃጠላል፣ ይረጥባል። ይሄ ግን ውኃ ውስጥ ቢኖርም ምንም አይሆንም።"

ሃያ አራት ቃላት። የዲጂታል ቦርሳ መክፈቻ ካልሆነ በቀር ሃያ አራት ቃል ብረት ላይ የሚያስጽፍ ሰው የለም። እነዚያን ቃላት የያዘ፣ ቦርሳው የትም ይሁን፣ ከየትኛውም ስልክ ይከፍተዋል። ሀከር አራቆተኝ ያለ ሰው የምን ቦርሳ መክፈቻ ነው የሚደብቀው?

"እህት ዓለም፣ አንቺ ለጊዜው ውጪልኝ" አለ ፈገግ ብሎ። "ቃላቱ እንግሊዝኛ ናቸው፣ አንቺ ደግሞ ማንበብ ትወጃለሽ። ጋሼ ግን አያይም፤ እሱ አያሰጋም። እኔ ፊደሉን አንድ በአንድ እጠራለታለሁ።"

"አዎ፣ አላይም" አለ አባቴ።

"ማንጠፊያውን ላቀብለውና እወጣለሁ" አልኩ።

ከሰሌዳ ሥር ሁልጊዜ የምናነጥፈው ወፍራም ብረት ነው። የእርሳስ ማዕድን የምናነጥፈው ሜዳልያ ላይ ቅርጽ ወደ ኋላ እንዲያብጥ ስንፈልግ ብቻ ነው። ከአሮጌ የመኪና ባትሪ አቅልጠን የሠራነው፣ ጥፍር እንኳ የሚያበላሸው ለስላሳ ጥፍጥፍ አለን። ስስ ብረት እሱ ላይ አስቀምጠህ ስትመታ፣ የመታኸው ሁሉ አልፎ እርሳሱ ላይ ይታተማል። ካዝናው ስልኩን እያየ ነበር። ጥፍጥፉን ከመደርደሪያው አንሥቼ አባቴ ፊት አስቀመጥኩትና ወጣሁ።

ደጃፍ ቆሜ አዳመጥኩ። ብረት ከብረት ሲገናኝ ይጮኻል፤ እርሳስ ግን ድምፅ ይውጣል። የመጀመሪያው ምት "ዱብ" ብሎ ታፈነ።

ሁለተኛው ምት አልተከተለም።

አባቴ ከልጅነቱ ጀምሮ የመዶሻውን ድምፅ ሲሰማ የኖረ ሰው ነው። ከሥሩ ምን እንዳለ በዚያች አንዲት ምት አውቋል። "ልጄ፣ ተሳስተሻል" ብሎ ቢጠራኝ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እጄን ግድግዳው ላይ አድርጌ ጠበቅኩ።

"ምነው ጋሼ?" ሲል ሰማሁት።

"ምንም። ቀጣዩን ጥራ።"

ዱብ። ዱብ። ዱብ።

ሲጨርሱ ገባሁ። ካዝናው ብረቱን እያገላበጠ ያያል። "ጀርባው አበጠ እኮ!"

"ያመጣኸው ስስ ነዋ" አለ አባቴ፣ እጁን የጠረገበትን ጨርቅ እርሳሱ ላይ ጣል እያደረገ። "ስስ ነገር ሲመቱት ያብጣል።"

"እሺ፣ ሒሳቡን ኋላ እሰጥሃለሁ።"

"እንደለመድነው" አለ አባቴ።

እንደሄደ እርሳሱን መስኮት አጠገብ ወሰድኩት። ሃያ አራቱም ቃላት እንደ ዘር ተርታ ተኝተዋል። ቃላቱን ስልኬ ላይ ሳስገባ ቦርሳው ተከፈተ። የእኛም፣ የጎረቤቶቻችንም፣ የማናውቃቸው ሰዎችም ንብረት፣ ሀከር ወሰደው የተባለው ሁሉ ቁጭ ብሏል። አንዱንም ሀከር አልነካውም።

እናቴ ስትሰማ አልጮኸችም። "የእኛን ብቻ አውጪ" አለች በቀስታ። "ለዓይኑ የሚበቃውን። ከዚያ ለፖሊስ ንገሪ።"

"የእኛን ስንነካ ይነቃል" አለ አባቴ። "በሰዓታት ውስጥ ቀሪውን ይዞ ይጠፋል። ሰርቆም፣ እኛን ሌባ አሰኝቶም፣ አገር ለውጦ በሰላም ይኖራል።"

"ሁሉን ለአጣሪዋ ብንሰጥ ደግሞ እንደ ሰው ሁሉ ተሰልፈን ነው የምንጠብቀው። ዓይንህስ?" አለችው እናቴ።

ስለ ጎረቤቶቻችን፣ ስለ ፍትሕ አንድ ነገር ይላል ብዬ ነበር፤ ትምህርት ቤት ያስለመዱኝ እንደዚያ ያለ ንግግር ነው።

"አያይም፣ እሱ አያሰጋም አለኝ" አለ። "አለማየቴን ተማምኖ ነው የመጣው። እንግዲህ ይተማመንበት። እኔ እሱ በሰው ፊት ባዶ እጁን ሲቀር እዚያው መገኘት ነው የምፈልገው።"

እናቴ ፊቷን አዞረች። እኔ ግን ደስ አለኝ። ይህን ያህል ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር፤ አለኝ ግን።

ገንዘቡ የተበላበት ሰው ሁሉ በተጠራበት ስብሰባ ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። አጣሪዋ ኮስተር ያለች ሴት ናት። የድርጅቱ ንብረት የሚሰበሰብበትን የፍርድ ቤት ቦርሳ አድራሻ ግድግዳው ላይ አሳየች። "የምታውቁት የተደበቀ ነገር ካለ እዚህ ይገባል" አለች።

"ሌባውም ሕሊናው ቢነቃ እዚያው ይላክ በይና!" አለ አንዱ ከኋላ። ሰው ሳቀ።

ካዝናው ተነሣ። መሐረብ ይዟል። "እኔም እንደናንተው ተዘርፌያለሁ" አለ። "አክስቴም አጎቴም እዚህ ተቀምጠዋል፤ እነሱን ጠይቁ። በሥጋ ዘመዶቼ ላይ እንዲህ አደርጋለሁ?"

አባቴ ክንዴን በጣቱ ነካ አደረገኝ። ስልኬን ወደ ግድግዳው አነሣሁ፣ አድራሻውን ወሰድኩ፣ "ሁሉንም" የሚለውን መረጥኩ፤ ላክሁ።

"አንዲት ነገር አልቀረችኝም፤ ሀከሮቹ ሁሉን..." እያለ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። አየው። እንደገና አየው። አፉ ተከፍቶ ቀረ።

"አንድ ነገር ገባ" አለች አጣሪዋ ኮምፒውተሯ ላይ ጎንበስ ብላ። "ብዙ ነገር ገባ! ከየት ነው?"

አባቴ ክንዴን ይዞ ተነሣ፤ አጣሪዋ ጠረጴዛ ድረስ መራሁት። ከዘንቢሉ እርሳሱን አውጥቶ አስቀመጠው። ዱብ። ካዝናው ያን ድምፅ አወቀው።

"ሒሳቤን ልቀበል ነው" አለው አባቴ። "ኋላ ብለኸኝ ነበር።"

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ አለመርሳት እንዲህ እንደሚጣፍጥ ግን አላውቅም ነበር።

ካዝናውን ከዚያው ፖሊስ ወሰደው። የእኛ ድርሻ ግን የፍርድ ቤቱን ወረፋ ጠብቆ፣ ተቆራርጦ ነው የመጣው። የአባቴ ግራ ዓይን ያን ያህል አልጠበቀም።

አሁን ሱቁ ውስጥ የምመታው እኔ ነኝ፤ እሱ ድምፁን ሰምቶ ያርመኛል። ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ወንበሩን ወደ እኔ ያስጠጋል።

"እስቲ ንገሪኝ" ይላል። "ስልኩን ሲያይ ፊቱ ምን ሆነ?"

እነግረዋለሁ። በነገርኩት ቁጥር ትንሽ እጨምርበታለሁ።