ሠናይት ያላየችው ሕልም

"ሕዝቡን ሁሉ ከወንዙ ዳር አንሥቼ፣ ታቦቱን ተሸክሜ ኮረብታ ልውጣ ነው የምትይኝ?" አለ ቄስ ይገዙ በስልክ። "እትዬ፣ ደህና ነሽ ግን?"

ሠናይት ደህና አልነበረችም። ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል አጣብቃ የምሳውን ሽንኩርት ልትከትፍ ቢላዋ አንሥታ ነበር፤ እጇ ግን ከቆመ ቆይቷል። ከሬስቶራንቷ ፊት ለፊት የሁርሊንግሃም መንገድ ጎርፍ ሆኗል። ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች ሲያልፉ ውሃውን እስከ በረንዳው ድረስ ይረጩታል። ናይሮቢ እንዲህ ሲዘንብባት ሰንብቷል፤ ሠናይትም እስከ ትናንት ድረስ በየጠዋቱ መስኮቱን ከፍታ "ተመስገን" ትል ነበር።

ለምን አትል? ታናሽ ወንድሟ ይገዙ በሚያገለግልበት የቦረና ቆላ ዝናብ ከጠፋ ዓመታት አልፈው ነበር። ከብቱ አልቋል፤ ወንዙ አሸዋ ብቻ ሆኗል። ወንዙ ዳር ባለችው ትንሽ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ምሕላ በተያዘ ቁጥር እሷም እዚህ ሆና አብራ ትጾማለች፣ ትሰግዳለች። አሁን ሰማዩ ተከፈተ። እዚያም ካፊያ መጣልና መሬቱ መሽተት ጀመረ። ነገ ኅዳር ሚካኤል ስለሆነ ምእመናኑ ከየአቅጣጫው መጥተው፣ ለምስጋና ሊያድሩ በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ ድንኳን ተክለዋል።

ክፉውን ወሬ ያመጣው ልጇ ኢዮኤል ነው። የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይሠራል፤ ደመና ሲያይ የሚውል ልጅ ነው። ናይሮቢ ስላደገ አማርኛው እንግሊዝኛም ስዋሂሊም ይደባለቅበታል። ዛሬ ጠዋት እርጥብ ጃኬቱን ሳያወልቅ ወጥ ቤት ገብቶ፣ "ማሚ፣ ላይ ደጋው ላይ በጣም ሄቪ ዝናብ ነው። እነሱ ጋ ባይዘንብም ውሃው በወንዙ ይወርዳል። አንክል ይገዙን አሁኑኑ ንገሪው፣ ፕሊዝ" አላት።

ነገረችው። እሺ አላለም።

"ኢዮኤል እኮ ሥራው ነው" አለችው አሁንም።

"ተባረክ በይልኝ። ግን ስንት ዓመት ዝናብ ስጠን ብለን አልቅሰን፣ ሲሰጠን ከስጦታው እንሽሽ? ሕዝቡስ ምን ይለኛል? አምና ይዘንባል ተብለን የዘራነው ዘር አፈር በልቶት ቀረ። እኔ በኮምፒውተር ወሬ ታቦት አላንቀሳቅስም።"

"እኔ እየለመንኩህ?"

"አንቺማ... አንቺ የታየሽ ነገር ካለ ሌላ ነው።"

ሠናይት ቢላዋውን አስቀመጠች። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቷታል። አባታቸው ሊሞት ሰሞን በሕልሟ አይታ የተናገረችው እሷ ናት፤ ያኔ ይገዙ እሷ የምታጎርሰው ሕፃን ነበር። ከዚያ ወዲህ በቤተሰቡ ዘንድ የሠናይት ሕልም መሬት ጠብ አይልም። ያ ግን እውነተኛ ሕልም ነበር። ሠናይት ቆራቢ ናት። የትናንት ወጥ ለደንበኛ የዛሬ ነው ብላ አቅርባ አታውቅም፤ ሠራተኞቿ በዚህ ይስቁባታል።

ኢዮኤልን ቀና ብላ አየችው። በሩን ተደግፎ በስልኩ ላይ ያለውን ካርታ ዘረጋላት። ከባድ ዝናቡን የሚያሳየው ቀይ ከጠዋቱ ይልቅ ሰፍቷል።

"አዎ፣ አይቻለሁ" አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም በቅጡ አልተሰማትም። "ውሃው ድንኳኑን ጠራርጎ ሲወስደው አየሁ። ቅዱስ ሚካኤል ራሱ 'ተነሡ' ሲላችሁ።"

"በስመ አብ! እና እስካሁን ምን ትጠብቂ ነበር?" አለ ይገዙ፤ ስልኩ ሳይዘጋ "ደወል ደውሉ!" ብሎ ሲጮህ ሰማችው።

"ማሚ፣ ጥሩ አደረግሽ" አለ ኢዮኤል።

"በመልአኩ ስም ዋሽቼ? እባክህ ጥሩ አትበለው።" ሽርጧን ወደ ፊቷ አነሣች። እንባው የሽንኩርቱ ነው እንዳትል ገና አንዱንም አልከተፈችም።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ግን አልቆረበችም። ሌሎቹ ወደ ውስጥ ሲገቡ እሷ ነጠላዋን ተከናንባ ከቅጽሩ በር ላይ ቀረች። ኢዮኤል ጃንጥላ ይዞላት ከጎኗ ቆመ። ስልኳ የጮኸው እዚያው ነው። የይገዙ ሚስት ጥሩወርቅ ነበረች።

"እትዬ፣ ሕዝቡ ተርፏል! ታቦቱም በሰላም ወጥቷል። ውሃው ንጋት ላይ ደረሰ፤ አሸዋው ላይ አንድ ድንኳን አልቀረም። ሰው ሁሉ ስምሽን እየጠራ ነው።"

"ይገዙስ?"

"ጊደሯ ታስራ ቀርታ ነበር። ከድርቁ የተረፈችልን እሷ ብቻ ናት አይደል? ልፍታት ብሎ ወረደ። ከዚያ በኋላ ያየው የለም።"

ሠናይት የበሩን ብረት ያዘች። ያጎረሰችው ልጅ ለአንዲት ጊደር ወርዶ ቀረ።

"እትዬ፣ አንቺ የታየሽ ነሽ" አለች ጥሩወርቅ። "እሱንስ አላየሽውም? በሕይወት አለ? ዛፍ ላይ ወጥቶ ይሆን? ጎረምሶቹ ገመድ ይዘው ቃልሽን እየጠበቁ ነው፤ በሉ ካልሽ አሁን ውሃው ውስጥ ይገባሉ።"

ኢዮኤል ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። "ማሚ፣ ሌላ ውሃ እየወረደ ነው። እንዳይገቡ" አለ ቀስ ብሎ።

በሕይወት አለ ብትል ምንኛ ደስ ባላት። ለጥሩወርቅ ብቻ ሳይሆን ለራሷም መስማት የምትፈልገው ያንኑ ነበር። በሕልሜ እንዳትገቡ ተብሏል ብትልም ያምኗታል፤ ዛሬ የምትለውን ሁሉ ያምኗታል። ነገስ፣ ዝናቡ እንደገና ሲመጣ? የሷን ሕልም ሲጠብቁ ውሃው ይደርስባቸዋል።

"ጥሩወርቅዬ፣ ስሚኝ። ምንም አላየሁም። ትናንትም ሕልም አልነበረም፤ ይገዙ እንቢ ቢለኝ ዋሸሁት። ውሃው እንደሚመጣ ያወቀው ኢዮኤል ነው። ያዳናችሁ እሱ ያየው ነው።"

"እና... መኖር አለመኖሩን የሚያውቅ የለም?"

"ከእግዚአብሔር በቀር ማንም፣ የኔ እናት።"

ጥሩወርቅ ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች። ሠናይትም እንባዋን አልከለከለችም። ኢዮኤል "ፖሌ ማሚ፣ ፖሌ" እያለ በስዋሂሊ እያጽናናት ትከሻዋን ያዛት።

"እንዳትዘጊው" አለች ሠናይት በመጨረሻ። "ጎረምሶቹን ሰብስቢያቸው፤ ሁሉም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጊው።"

ስልኩን ለልጇ ሰጠችው።

"እንግሊዝኛውን ትተህ ቀስ ብለህ ንገራቸው" አለችው። "ውሃው መቼ እንደሚጎድል፣ መቼ ወርደው ወንድሜን እንደሚፈልጉልኝ።"