በቃለ መጠይቅ የገባችው

ሲምረት አጽብሃ ካዛንቺስ ያለው ኮሌጅ የገባችው በማትሪክ ውጤቷ አልነበረም። ፍልስፍናና ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምር፣ የትልልቅ ሰዎች ልጆች የሚማሩበት ትንሽ የግል ኮሌጅ ነው። በየዓመቱ ግን ጥቂት ልጆችን በቃለ መጠይቅ ብቻ ይቀበላል። የቄራውን ባለ ሥጋ ቤት ልጅ ሲምረትን አነጋግረው የመረጧት መምህርት አስቻለች ነበሩ።

ሦስተኛ ዓመት ላይ የተማሪዎች ተወካይ ሆነችና ስብሰባ ተጠራች። ዲኑ ዶክተር ካሕሳይ ቃለ መጠይቁ እንዲቀር ይፈልጋሉ።

«ስማችን እየወረደ ነው» አሉ። «ማለቴ፣ ማንም የሚገባበት ኮሌጅ እየተባልን ነው።»

«ማንም የሚሉት እነማንን ነው?» አሉ አስቻለች።

ድምፅ ሲሰጥ እኩል ለእኩል ወጣ። ሲምረት ብቻ ቀረች። ምን እንደምትል ሁሉም ያወቁ መስሏቸዋል፤ እሷም ጭምር። ብቻ ሰሞኑን የክፍሏ ልጅ ኢያቄም፣ ክፋት ሳያስብ፣ «አንቺ በምንድን ነው የገባሽው?» ሲላት «በውጤት» ብላ መዋሸቷ ትዝ አላት።

«ቃለ መጠይቁ ይቅር» አለች። ድምፅዋ ለራሷም የሌላ ሰው ሆነባት። ዲኑ አመሰገኗት።

አስቻለች ኮሪደሩ ላይ ጠበቋት። «አልተቀየምኩሽም። ለምን እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ።»

«አላውቅም ቲቸር። የሚገባው ሁሉ እንደኔ ከሆነ... በቃ፣ አላውቅም።»

«እንደኔ ማለት ምን ማለት ነው?»



ሲምረት ቄራ ስትደርስ አባቷ ለደንበኛ ሥጋ ይቆርጣሉ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰችው እህቷ ፍዮሪ ትጠቀልላለች። ከእንግዲህ ያለ ከፍተኛ ውጤት ኮሌጁ እንደማይቀበል ነገረቻቸው። ወሳኙን ድምፅ የሰጠችው እሷ መሆኗን ግን ዋጠችው።

አቶ አጽብሃ ቢላቸውን አስቀምጠው ወደ ደንበኛው ዞሩ። ፊታቸው በርቷል። «የኔ ልጅ የምትማርበት ቤት እንዲህ በዋዛ አይገባበትም» አሉ።

«እኔስ ታዲያ?» አለች ፍዮሪ ቀስ ብላ። «ለቃለ መጠይቁ አዘጋጅሻለሁ ብለሽኝ አልነበር?»

ሲምረት እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነበር። «ለማትሪክ አስጠናሻለሁ።»

«አንቺ? በማትሪክ ያልገባሽው?» አለች ፍዮሪ። ስሜቷን ልትነካ ብላ አልነበረም፤ ግራ ገብቷት ነው። ሲምረትንም እንደዚያው ግራ ገባት። አባቷ በደስታ ለደንበኛው ትንሽ ሥጋ መረቁለት።